ሁሉ ነገር አንድ አንድ የሆነበት ከተማ

"ደክሞኛል" ብላ የፈረመች አንባቢያችን የላከችው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፣ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ ላቅርበው።

"36 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ የ13 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። የምንኖረው ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው፣ በቀን 3 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያልቃል። ትንሹ ልጄ አስም አለው። መስሪያ ቤቴ አሁን 12 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለው ቅርንጫፍ ቦታ አለ፣ ከፈለግሽ ሂጂ አለኝ። ከዚህ በመኪና 3 ሰዓት ነው። ደሞዙ በትንሹ ይቀንሳል፣ የቤት ኪራዩ ግን ከግማሽ በታች ነው፣ ቢሮው ከቤት በእግር 10 ደቂቃ ነው። ብቻዬን ሁለት ቀን ሄጄ አየኋት፣ ጸጥታው አስለቀሰኝ። ባለቤቴ የጽሕፈት መሣሪያዎችና ኮምፒውተር ጥገና ነው የሚሰራው፣ ተቀጥሮ፣ እሱ 'አንቺ ካልሽ እሺ' ብሎኛል። ትልቋ ልጄ ግን አልሄድም ብላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ከጓደኞቼ ግማሾቹ እብድ ነሽ፣ ግማሾቹ ደሞ እድለኛ ነሽ ይሉኛል። እህቴ እባክሽ፣ የቱ ነው የሚሻለው ኑሮ? አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ?"

እህቴ፣ ፊርማሽን አይቼ ነው ቶሎ ልመልስልሽ የተነሳሁት። "ደክሞኛል" የሚል ሰው ከተማ ለመምረጥ ብዙም አይታመንም፣ አትቀየሚኝና፣ የደከመው ሰው የትም አረፍ ቢል ቤቱ ይመስለዋል። ሁለት ቀን ሄድሽ፣ ጸጥታው አስለቀሰሽ፣ እሺ፣ ግን እኮ በነዛ ሁለት ቀናት ስራ የለሽም፣ ልጆቹ አብረውሽ የሉም፣ ማታ የሚታጠብ ልብስ የለም፣ "ማሚ ደብተሬ የት ገባ" የሚል የለም፣ እንደዛ ከሆነማ እዛው ያለሽበት ከተማ ስልክሽን አጥፍተሽ ሁለት ቀን ብትተኚም ታለቅሺ ነበር። ይሄን የምልሽ ሀሳብሽን ላጣጥልብሽ ብዬ አይደለም፣ እንዲያውም ደብዳቤሽን ሦስቴ አንብቤ ወደ መሄዱ ነው ያደላሁት፣ ግን ያንቺ ልብ ያደላበትና እኔ ያደላሁበት ምክንያት ለየቅል ነው።

"የቱ ነው የሚሻለው" ላልሽው አንድ መልስ ቢኖረው ሰዉ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በኖረ ነበር። ሪቻርድ ኢስተርሊን የሚባለው ኢኮኖሚስት በ2011 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የብዙ አገር ሰዎች ስለ ኑሯቸው የመለሱትን አገላብጦ ያገኘው ነገር ለኔ ይገባኛል። ድሃ አገሮች ውስጥ በኑሮው የበለጠ የሚረካው የከተማው ሰው ነው፣ አገሩ ሀብታም እየሆነ ሲመጣ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄድና ይጠፋል፣ አንዳንድ ቦታማ ጭራሽ ይገለበጣል። እኔ እንደሚመስለኝ መብራቱም ውሃውም አስፋልቱም ሀኪሙም ኔቱም ትንሿ ከተማ ድረስ ከደረሰ ሰው ለነሱ ብሎ ትልቅ ከተማ የሚጋፋበት ምክንያት ያልቃል። ስለዚህ አንቺ ልታጣሪ የሚገባሽ እዛች ከተማ ድረስ ምን ምን ደርሷል ምን ምንስ ቀርቷል የሚለውን ነው፣ እሱ ደሞ ጸጥታን ሰምቶ በማልቀስ አይታወቅም፣ ሄዶ መቁጠር ነው።

እንዴት እንደምትቆጥሪ ልንገርሽ። ዋልተር ክሪስታለር የሚባል ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ምሁር በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ ያወጣው ሀሳብ አለ፣ ስሙን ብትረሺው ችግር የለም ሀሳቡን ግን ያዢው። እያንዳንዱ አገልግሎት ሳይዘጋ ለመቆየት የሚበቃው የሰው ቁጥር አለ። ጸጉር አስተካካይ አንድ ሰፈር ይበቃዋል፣ የህጻናት ሳንባ ስፔሻሊስት ግን በጣም ብዙ ሰው ካልከበበው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለዛ ነው በየሳምንቱ የምንፈልገው ነገር ትንሽ ከተማም ላይ የሚገኘው፣ በዓመት አንዴ የምንፈልገው ደሞ ትልቅ ከተማ ላይ የሚከማቸው። ትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው "እኛን ማን አስታውሶን" ሲል ትሰሚያለሽ፣ አንዳንዴ እውነትም ተረስቶ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ደረቅ ሂሳብ ነው።

እኔ ለስራ ብዬ ትንሽ ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ እዛ ሆኜ የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ትንሽ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ነገር አለ፣ የሌለው ሁለተኛው ነው። ሀኪም አለ፣ ሁለተኛ ሀኪም የለም። ትምህርት ቤት አለ፣ ልጅሽ ከአስተማሪው ጋር ባይስማማ የምታዛውሪበት ሁለተኛ የለም። ባልሽ የሚቀጠርበት ቦታ አለ፣ ከአለቃው ጋር ቢጣላስ? የውሃ ቧንቧ ሰሪ አለ፣ እሱ ከታመመ ውሃው ይፈስሳል። አንድ የጓደኛ ቡድን ይኖርሻል፣ ከነሱ ተኳርፈሽ ቅዳሜን የምታሳልፊበት ሌላ ቡድን ግን የለም። ትልቅ ከተማ ጊዜሽንና ሳንባሽን የሚበላው ለምን መሰለሽ፣ ለዚሁ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለመቶኛው ነው የምትከፍዪው። ብዙ ሰው ደሞ ሁለተኛውን ሳይጠቀምበት ነው ዕድሜ ልኩን የሚከፍለው።

በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዛሁ፣ ፋርማሲው ያው አንድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ከወረቀቷ ቀና ብላ "እህ፣ ማታ ወሰደሽ?" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ምኑን አልኳት፣ "እንቅልፉን ነዋ" አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ተንኮል የለም፣ ከልቧ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለ፣ ምክንያቱም ለማንም አልነገርኩም። ከዛን ቀን ጀምሮ የምጠቀመውን መድኃኒት ሁሉ ትልቅ ከተማ ስሄድ ነበር ገዝቼ በሻንጣ ይዤ የምመጣው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሚያሳፍር መድኃኒትም እኮ አልነበረም።

በዛው ዓመት ደሞ ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ስልኬ ባትሪው አልቋል፣ ቻርጀሩ ሌላኛው ክፍል ነው፣ እዛ ድረስ መሄድ ተራራ መውጣት ሆነብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሴትዮ ናት፣ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም፣ በሩን እንደምንም ከፈትኩላት፣ "መጋረጃሽ ከትናንት ጀምሮ አልተከፈተም" አለችኝና አንዴ አይታኝ ሰው ልትጠራ ሮጠች። ትልቅ ከተማ አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ፎቅ ላይ መጋረጃዬን ማን ያየዋል፣ ማንም።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ አታስቢያቸው። ያቺው መጋረጃዬን ያየች ሴትዮ እኮ ናት ማታ ስንት ሰዓት እንደገባሁና ማን እንደሸኘኝ ለሰፈሩ የምታወራው። ዓይኑ አንድ ዓይን ነው። ሐሜቷን ትቼ ማንኳኳቷን ብቻ ልውሰድ ብል አይሆንም፣ ፓኬጅ ነው፣ ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት። አንቺ እንዴት ዓይነት ሰው ነሽ? መታየት ያሳርፍሻል ወይስ ያስጨንቅሻል? ደብዳቤሽ ላይ ይሄን አልነገርሽኝም፣ ራስሽን ጠይቂው፣ ባልሽንም ጠይቂው፣ ባልና ሚስት እዚህ ላይ ሲለያዩ አይቻለሁና።

ወደ መንገዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም እኔን ወደ መሄዱ ያደላኝ እሱ ነው። በቀን 3 ሰዓት ተኩል ማለት በወር 20 የስራ ቀን ብንል 70 ሰዓት ነው። 70 ሰዓት! ወደ ዘጠኝ የስራ ቀን መሆኑ ነው፣ ያለ ደሞዝ፣ ቆመሽ ወይ መሪ ጨብጠሽ። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የጀርመን ሰዎችን መረጃ ወስደው በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ የጠበቁት ምንድነው፣ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው በደሞዝ ወይ በተሻለ ቤት ይካካስለታል፣ ስለዚህ በኑሮው እርካታ ከሌላው እኩል ይሆናል ብለው ነው። አልሆነም፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር እርካታው ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ሰው ስራ ሲመርጥ ደሞዙን በደንብ ያሰላል፣ ኪራዩን ያሰላል፣ መንገዱን ግን "እለምደዋለሁ" ብሎ ያልፈዋል፣ ትራፊክ ደሞ አይለመድም፣ ዛሬ 40 ደቂቃ ነገ ሁለት ሰዓት የሆነ ነገር ምኑ ይለመዳል።

ግን ሂሳቡን ሙሉውን ስሪው፣ የሚያምርሽን ግማሽ ብቻ አትስሪ። እዛ ስትሄጂ በእግር 10 ደቂቃ፣ ደርሶ መልስ 20፣ በወር 7 ሰዓት የማይሞላ ነው፣ እሱም እግርሽን ታፍታቻለሽ። በሌላ በኩል ለልጁ ቀጠሮ፣ ለጥርስ፣ ለእናትሽ ናፍቆት፣ ለሆነ ወረቀት ፊርማ ስትዪ ወደ ትልቁ ከተማ ትመላለሻለሽ፣ ደርሶ መልሱ 6 ሰዓት ነው፣ በወር ሁለቴ በዪው፣ 12 ሰዓት። ሁሉን ደምረሽ ከ70ው ብትቀንሺ አሁንም 50 ሰዓት የሚሆን ጊዜ በወር ይመለስልሻል። በጣም ብዙ ነው፣ እኔ ብሆን ለዚህ ለ50 ሰዓት ብዙ ነገር እተው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ የ3 ሰዓቱ መንገድ በክረምትም 3 ሰዓት ነው ወይ? ሌሊትስ መኪና ይገኝበታል?

አሁን ስለ ልጅሽ። ጓደኞችሽ "ንጹህ አየር ያድነዋል" ብለውሽ ይሆናል፣ ሁሉም ሰው ነው እንደዛ የሚለው። ግማሽ እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያውን ሲያሻሽል አየር ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5 የሚባለው) በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ነው ያለው፣ ቀድሞ 10 ነበር፣ ትልልቅ ከተሞች ደሞ ከዚህ በብዙ ያልፋሉ፣ የመኪና ጭስ ደሞ አስምን እንደሚቀሰቅስ ማንም ሀኪም ይነግርሻል። ግን የትንሽ ከተማ አየር የራሱ ጣጣ አለው። የማገዶ ጭስ አለ፣ የሳርና የአበባ ብናኝ አለ፣ አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ አቧራ አለ፣ ርጥበት ያጠቃው ርካሽ ኪራይ ቤት ግድግዳው ላይ ሻጋታ አለ፣ እነዚህም ያው አስም ይቀሰቅሳሉ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ አሚሽና ሃተራይት በሚባሉ ሁለት ገበሬ ማህበረሰቦች ልጆች ላይ የተጠና ጥናት ነበር፣ በዘር የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው፣ በባህላዊ መንገድ ከብቶቻቸው ደጃፋቸው ላይ የሆኑት የአሚሽ ልጆች አስማቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ በማሽን የሚያርሱት ሃተራይቶች ልጆች ግን እንደዛ አልሆኑም። ይሄን ሰምተሽ "ገጠር ይሻለዋል" እንዳትዪ፣ እነሱ ከተወለዱ ጀምሮ እዛው ያሉ ልጆች ናቸው፣ ያንቺ ልጅ 7 ዓመት ሞልቶት በሽታውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሀኪሙ ጋር ሄደሽ ይሄን አስጽፊ፦ ሲብስበት ምን እንደምታደርጉ ደረጃ በደረጃ፣ ስንት ፓፍ፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት፣ መቼ ነው ቤት የሚበቃውና መቼ ነው የሚሮጠው። ማስታገሻው ኢንሄለርና መድኃኒቱ የሚሳብበት የፕላስቲክ ቱቦ (ስፔሰሩ) ሁለት ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ የሌለበት ከተማ ስትሄጂ ሁለተኛውን ይዘሽው ነው የምትሄጂው። እዛ ስትደርሺ ጤና ጣቢያው አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ አለ ነው የሚሉሽ። የምትጠይቂው "ልጄን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይዤው ብመጣ በሩን ማን ነው የሚከፍትልኝ? ኦክስጅን አለ? ነቡላይዘሩ (መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ይሰራል? መብራት ቢጠፋስ?" ነው። ከተቻለሽ አንድ ማታ በርግጥም ሄደሽ በሩን አንኳኪ፣ አያሳፍሩሽም። ይሄ ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ለናንተም ነው። በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የሚሰጠው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ 3ቱን ሰዓት መንገድ ከበላው ምን እንደሚተርፍሽ አስቢው። ወጣት ናችሁ እሺ፣ ግን ወላጆቻችሁን ወደፊት እዛ ልታመጧቸው ካሰባችሁ ይሄ ይግባበት።

ስለ ድምፅ፣ ስለ ኮከብ፣ ስለ አረንጓዴ ምናምን ብዙ አልልም፣ አይተሽዋል፣ ጥሩ ነው። ሁለት ወር ሲሞላሽ ግን አታስተውዪውም።

ልጅሽ ናት ያሳሰበችኝ። 13 ዓመት ማለት ጓደኛ ከእናት የሚበልጥበት ዕድሜ ነው፣ አንቺ ለ50 ሰዓት ብለሽ ስትሄጂ እሷ የምታጣው ያላትን ሁሉ ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ማኩረፏም ጨዋ ሆና ነው። ትንሽ ከተማ ለ7 ዓመት ልጅ ገነት ነው፣ ብቻውን ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሲመሽ ሰው ይመልሰዋል። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ይኸው "ሰው ሁሉ ያውቀዋል" እስር ቤት ሊሆንባት ይችላል። ስታንሊ ሚልግራም የሚባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1970 ስለ ከተማ ኑሮ በጻፈው ውስጥ አንድ ሙከራ አለ፣ ሰዎች የማያውቁት ሰው ቤት በር አንኳኩተው ስልክ እንዲያስደውሏቸው ይጠይቃሉ፣ ትንንሽ ከተሞች ላይ የሚያስገባቸው ሰው ከኒው ዮርክ በብዙ ይበልጥ ነበር። ሚልግራም የከተማ ሰው ክፉ ነው አላለም፣ በቀን የሚያጋጥመው ሰው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ራሱን ይቆጥባል ነው ያለው። እኔ ከራሴ የምጨምረው ግን በር መክፈትና ልብ መክፈት ለየብቻ መሆናቸውን ነው። እኔ በሄድኩበት ሁሉም ሰው በሩን ከፈተልኝ፣ ሁሉም ሰላም አለኝ፣ "እንግዳ" መባሌ ግን እስክወጣ ድረስ አልቀረም፣ እዛ ጓደኝነት አንደኛ ክፍል እያሉ ነው ያለቀው። ልጅሽ ይሄ ነው የሚጠብቃት፣ መጥፎ ልጆች ስለሆኑ አይደለም፣ ቦታው ሞልቷል። ስለዚህ ዝም ብለሽ "ትለምጂዋለሽ" አትበያት፣ ድርድር ያዢ፣ በወር አንዴ ጓደኞቿ ጋር የምትሄድበት ቅዳሜ ይሁንላት፣ ክፍሏን እሷ ትምረጥ፣ የትምህርት ዓመቱ መሃል ላይ ግን በጭራሽ እንዳትወስጃት።

አሁን ባልሽ። "አንቺ ካልሽ እሺ።"

እህቴ ይሄ እሺታ አይደለም። እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር ብዙ ደብዳቤ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ "አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ" ሆኖ ነው የሚመለሰው። አንቺ ስራሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ እሱ ግን ስራውን ትቶ ነው የሚሄደው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ስለሱ ስራ የጻፍሽው አንድ መስመር መሆኑን አይተሻል? 12 ሺህ ሰው ያለባት ከተማ ኮምፒውተር የሚያስጠግን ሰው አይጠፋም፣ እንዲያውም የራሱን ነገር ቢከፍት ተወዳዳሪ የሌለው ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ሁለተኛ አለመኖሩ ለሱ ይጠቅመዋል። ግን ደንበኛ እስኪያፈራ ስንት ወር ነው? በዛ ወራት አንቺ ብቻ ነሽ ደሞዝተኛ፣ እሱስ ያንን ይችለዋል? ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው በ1973 ያወጣው ጽሑፍ አለ፣ ሰው ስራ የሚያገኘው በጣም ከሚቀርበው ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ በሚያገኘው ሰው በኩል ነው ይላል፣ ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ የሩቁ ሰው ነው አዲስ ወሬ የሚያመጣው። ባልሽ እንዲህ ዓይነት የሩቅ ሰው በስልኩ ውስጥ ስንት መቶ አለው፣ አብሮት የሰራ፣ አብሮት የተማረ፣ አንዴ ፕሪንተር የሰራለት። እዛ ሲሄድ ከዜሮ ነው። ኔቱ አስተማማኝ ከሆነ ከነዚህ የተወሰኑትን ሥራዎች በሪሞት ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚህ ለሱ ሲባል የኔቱን ፍጥነት ራሱ ሄዶ ይሞክረው፣ በስራ ሰዓት፣ ዝናብ ባለበት ቀን።

ሌላ አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጠይቅሽ። ከሁለቱ መሃል ያለ ከተማ የለም? ኤቤኔዘር ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ገና በ1898 የከተማና የገጠር ኑሮን ጥሩ ጥሩ ጎን አንድ ላይ አደርጋለሁ ብሎ ሲያቅድ ለአንድ ከተማ የመደበው 32 ሺህ ሰው ነበር፣ ሕልሙ ያሰበውን ያህል አልተሳካም፣ ግን ቁጥሩ ላይ ብዙም አልተሳሳተም ባይ ነኝ። መስሪያ ቤትሽ ሌላ ቅርንጫፍ ካለው፣ 40 ወይ 60 ሺህ ሰው ያለበት፣ ለባልሽ ሁለተኛ ቀጣሪ፣ ለልጅሽ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ያለበት፣ ጠይቂያቸው እስቲ፣ መጠየቅ አያስከፍልም።

እሱ ከሌለና ምርጫሽ ያቺው 12 ሺዋ ከሆነች፣ "አንቺ ብትሆኚ" ላልሽው እኔ እሄዳለሁ። ግን እንዲህ አድርጌ ነው የምሄደው። መጀመሪያ እረፍት ወስጄ አራታችንም ሆነን ሁለት ሳምንት ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ከተማዋ ባማረችበት ወር ሳይሆን በጣም በከፋችበት፣ ጭቃ ከሆነ በጭቃው፣ አቧራ ከሆነ በአቧራው። ሆቴል አላርፍም፣ ልብስ የማጥብበት ቤት እከራያለሁ። ዝውውሩን "ለአንድ ዓመት፣ መመለስ እችላለሁ" ተብሎ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉኝ ቢያንስ እምቢታውን አውቄ እሄዳለሁ። እዚህ ያለውን ቤት የራሴ ከሆነ አልሸጠውም፣ ኪራይ ከሆነ ደሞ ልጄ ቅዳሜ የምታድርበትን ዘመድ ቤት አስቀድሜ አመቻቻለሁ። እዛም ቤት ለመግዛት አንድ ዓመት እስኪሞላ እጄን አልዘረጋም፣ ትንሽ ከተማ ላይ የተገዛ ቤት ለመሸጥ ሁለተኛ ገዢ ይጠፋልና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ባልሽን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው፣ "እንሂድ ወይ" ብለሽ እንዳትጠይቂው፣ ያንን መልሷል። "እዛ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንተ ምን እያደረግክ ነው?" በዪው፣ ከዛ ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ አትሙዪለት። የሚለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ፣ የኔ ቀጣዩ መልስ ከሱ መልስ ነው የሚነሳው።